ከአምስት የሚጀምር ቆጠራ

ዴንቨር አርፌ ለአክስቴ ስደውልላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በሰላም ገባህ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ስንት ይከፍሉሃል?»

«አይከፍሉኝም፤ እኔ ነኝ የምከፍላቸው።»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሄሎ» አልኩ። አልተቋረጠም፤ አክስቴ እያሰበች ነበር። አሜሪካ በኖረችባቸው ዓመታት ሰው ለትምህርት ሲከፍል፣ ለኢንሹራንስ ሲከፍል፣ መኪናውን ላቆመበት ሲከፍል አይታለች። ለመጨፈር ከፍሎ ውቅያኖስ የተሻገረ የእህት ልጅ ግን ገና አልገጠማትም።

«የእህቴ እቁብ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ከፊሉ።»

«በእህቴ እቁብ ልትጨፍር!»

በእርግጥ ነገሩ በስልክ ለማስረዳት አይመችም። ቡድኑ አፕ ዊዝ ፒፕል ይባላል። በፈረንጆቹ 1965 ብላንተን ቤልክ የተባለ አሜሪካዊ የጀመረው ነው። ከየአገሩ ወጣቶች ይሰባሰቡና ዘፈንና ውዝዋዜ ተለማምደው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ። ሆቴል የለም፤ የሚታደረው ፈቃደኛ ሆኖ በተቀበለ ቤተሰብ ቤት ነው። ትርኢት በሌለበት ሰዓት አጥር ቀለም ይቀባሉ፣ ለችግረኛ ምግብ ያድላሉ። ደግሞ እንደ ቀላል ቡድን እንዳይታይብኝ፦ ዛሬ የዓለም ታላላቅ ዘፋኞች የሚሻሙበትን የሱፐር ቦውል የእረፍት ሰዓት መድረክ እነዚህ ወጣቶች በ1976፣ በ1980፣ በ1982 እና በ1986 አራት ጊዜ ይዘውታል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቡድን እኔን እንዴት ተቀበለ? አባል ሲመርጡ ድምፅህን አሰማ፣ እስቲ ተወዛወዝ አይሉም። ቃለ መጠይቅ ነው የሚያደርጉት። በወሬ ደግሞ ማን ይችለኛል!

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስለ ከፍታ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል፣ በእኛ 1,609 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በዚህም ትኮራለች። የኮሎራዶ ምክር ቤት ሕንፃ መግቢያ ላይ ካሉት ደረጃዎች በአንዱ «ከባሕር ወለል በላይ አንድ ማይል» የሚል ተቀርጿል። ይህ መጀመሪያ የተቀረጸው 15ኛው ደረጃ ላይ ነበር። በ1969 ተማሪዎች ለክተው «የለም፣ 18ኛው ነው» አሉና እዚያም ምልክት ተደረገ። በ2003 እንደገና ሲለካ 13ኛው ሆኖ ተገኘና ሦስተኛ ምልክት ተጨመረ። የአገሩ ሰው የገዛ ደጃፉን ደረጃ ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሦስት መልስ ባገኘበት ከተማ እኔ ቆጠራ ሳትኩ ተብሎ ስሜ መነሳት አልነበረበትም። እደርስበታለሁ።

ውሃ ጠጡ፣ አትቸኩሉ፣ ራሳችሁን ሲያዞራችሁ ተቀመጡ ተባልን። ከኔዘርላንድ የመጣችው ልጅ ገና ማስጠንቀቂያውን ስትሰማ ራሷን ያዘች። አይፈረድባትም፤ የአገሯ ሩብ ያህል ከባሕር ወለል በታች ነው። ይኼኔ አንዱ ዘወር ብሎ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። አዲስ አበባ አልኩ፤ ከ2,300 ሜትር በላይ። እኔ እንኳን ልወጣ፣ ዴንቨር የመጣሁት ወርጄ ነው።

ዝናዬ በአንድ አፍታ ወጣ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ በየቋንቋው እየተጣመሙ ተጠሩ። አንድ ሜክሲኮአዊ ልጅ፣ አትላንታና ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትሩን ያሸነፍኩት እኔ ይመስል፣ ተነስቶ ጨበጠኝ። ለማስተባበል ዕድል አልሰጡኝም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከሚኒባስ ታክሲ በስተቀር ያባረርኩት ነገር የለም፤ እሱንም ደርሼበት አላውቅም። ሰውነት ማሟሟቂያው ተጀመረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ወለሉ ላይ ተዘርግቼ የኔዘርላንዷ ልጅ ውሃ ታጠጣኝ ነበር።

ዋናው መከራ ግን ከሰዓት በኋላ መጣ። ወለሉ ላይ በባለቀለም ፕላስተር ምልክት ተደርጎልን እያንዳንዳችን በየምልክታችን ቆምን። አሰልጣኟ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጉልበቷ የማያልቅ ሴት ነች። አጨበጨበችና «ፋይቭ፣ ሲክስ፣ ሰቨን፣ ኤይት!» ብላ ጮኸች። እኔ ከአንድ እስከ አራት ያለው ያመለጠኝ መስሎኝ ደንግጬ ቀረሁ። ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ ተወርውሮ ሄደ፤ ከግራ በኩል የሚመጣው ስዊድናዊ ጎኔን መታኝ።

ይቅርታ ጠየቀኝ። ስዊድናዊ መትቶህም፣ መተኸውም ይቅርታ ይጠይቃል።

እንደገና ተጀመረ። አሁንም ከአምስት። አንድን ጠበቅኩ፤ አንድ አልመጣም። በኋላ አንዲት ጃፓናዊት ለብቻዬ አስረዳችኝ። የውዝዋዜ ሰዎች የሚቆጥሩት በስምንት በስምንት ነው፤ መጀመሪያ የሚጠሩት አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ማዘጋጃ ሲሆን፣ ከዚያ የሚቀጥለውን አንድ ማንም አይጠራውም፤ እግር ነው የሚጠራው። አእምሮዬ ወዲያው ገባው። እግሬ ግን ሳይገባው ሦስት ቀን ቆየ።

ያሳደሩኝ አዛውንት ባልና ሚስት ማታ ማታ ምድር ቤታቸውን ለቀውልኝ እለማመድ ነበር። «ፋይቭ፣ ሲክስ፣ ሰቨን» ስል ደረጃው ላይ የተኛው ውሻቸው «ኤይት» ላይ ይጮሃል። አንድም ቀን ስቶ አያውቅም። ቁርስ ላይ ባልየው ይህንን እንደ ጥሩ ዜና ነገሩኝ፤ ውሻው ከተማረው አንተም ትማራለህ ማለታቸው ነበር፤ ለማጽናናት።

በዚያ ላይ ፈገግታ አለ። ጥርስ ሁሉ ወጥቶ፣ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ሊቆጥረው በሚችል መጠን። እኛ ቤት ያለ ምክንያት የሚስቅ ልጅ «ምን አየህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ አጥጋቢ መልስ ከሌለው ጸበል ይታሰብለታል። እኔ ደግሞ እግሬን እየቆጠርኩ ስስቅ ፊቴ እንዴት እንደሚሆን አሰልጣኟ በቪዲዮ ቀርጻ አሳየችኝ። ጥርስ የሚነቀል ሰው ነበር የሚመስለው። ወይ ከእግሬ ወይ ከጥርሴ አንዱን መርጣ እንድትተወኝ ለመንኳት። ሁለቱንም አልተወችም።

አራተኛው ቀን ላይ ከየአገሩ ውዝዋዜ ተቀንጭቦ ትርኢቱ ውስጥ እንዲገባ ተወሰነና እስክስታ ለእኔ ተሰጠ። እዚህ ላይ ኮራሁ፤ እግር የለበትማ! ትከሻ ነው። መሐል ገብቼ ሁለቴ ሦስቴ ነቅነቅ እንዳልኩ አሰልጣኟ እጇን አነሳች።

«ትከሻው የሚጀምረው ስንት ላይ ነው?»

አይታችሁልኛል? ሰርግ ቤት ተወልጄ ሰርግ ቤት ያደግኩ ሰው ነኝ ማለት ይቻላል፤ ትከሻ ስንት ላይ እንደሚጀምር ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አልፎ ተርፎ፣ ሰርግ ላይ ሁልጊዜ የምጨፍረው ሰው በበዛበት መሐል ተደብቄ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። «ይደርሳል» አልኳት። ምን ላይ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። ወደ ውጭ ወጥቼ ስልኬን አነሳሁ።

አክስቴ የምትኖረው ከዴንቨር አጠገብ ባለችው፣ ሐበሻ በብዛት በሚገኝባት ኦሮራ ነው። በማግስቱ ጠዋት ከአረጋውያን መጦሪያው የሌሊት ፈረቃዋ በቀጥታ መጣች፤ ሰማያዊ የሥራ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ። ለሁሉም አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠችና ወደ እኔ ጠጋ ብላ «የሚከፍሉት እነዚህ ሁሉ ናቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ሁሉም አልኳት። በሐዘኔታ እንደገና አየቻቸው።

ከበሮ አልነበረም። ጥግ ላይ የነበረውን የፕላስቲክ ቆሻሻ መጣያ ገልብጣ፣ ታችኛውን በእጇ ጠራርጋ ተንበረከከችና መታችው። ጭክችካ። ቆሻሻ መጣያ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ጸጉሬ ቆመ። ሌሊቱን ሙሉ አዛውንት ስታነሳ ስታስተኛ ያደረችበት ትከሻ ከእጇ ጋር አብሮ ሥራ ጀመረ፤ አንገቷ ይቀድማል፣ ትከሻዋ ይከተላል፣ ፊቷ ግን ወፍ እንደምታይ ሰው ጸጥ ያለ ነው። ፈገግታ የሚባል የለም። አሰልጣኟም ፈገግ በዪ ልትላት አልደፈረችም።

«ስንት ላይ ነው የምትጀምረው በላት» አለችኝ አሰልጣኟ። ተረጎምኩ።

«ሲጠራኝ» አለች አክስቴ፣ መምታቷን ሳታቆም።

አሰልጣኟ ሥራዋን የምታውቅ ሰው ናት። ዐይኗን ጨፍና፣ በጣቷ ጭኗን እየመታች ትንሽ ቆየችና «ስድስት ነው! በስድስት ነው የሚሄደው!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ ጭክችካ በስድስት ይቆጠራል። ያን ጊዜ የአራት ቀን መከራዬ ፍንትው ብሎ ታየኝ። ሰውነቴ በስድስት የተቃኘ ነው፤ ስድስት ላይ ጨርሶ ሲያርፍ እነሱ ሰባትና ስምንት የሚባሉ ትርፍ ነገሮች ይጨምሩበታል። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ የባህል ግጭት ነው! ይህን ግኝት ለአሰልጣኟ በዝርዝር አስረዳኋት፤ በጥሞና ሰማችኝ፤ ማስታወሻም የምትይዝ መሰለኝ። ከዚያ ለአክስቴ በአማርኛ ደገምኩላት።

«ተው እንጂ» አለች። «በስድስቱም አትችልም። የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ አይቼሃለሁ። ቪዲዮው እቤት አለ።»

ሰዓቱ ከማለቁ በፊት ሜክሲኮአዊው ትከሻውን ከአንገቱ ለይቶ ማንቀሳቀስ ችሎ ነበር። ስዊድናዊው ባይችልም ላቡ ጠብ እስኪል ሞክሯል። የኔዘርላንዷ ልጅ ደግሞ የት እንደደበቀችው እንጃ፣ አክስቴ መጣያውን መምታት ትታ እስክትቆም ድረስ ነቀነቀችው። «ይቺን ስንት ነው የሚያስከፍሏት?» አለችኝ። «እሷንስ ሊከፍሏት ይገባ ነበር።» እስክስታውን ፊት ሆና እንድትመራ ያን ዕለት ኔዘርላንዳዊቷ ተመረጠች። እኔ ከኋላ ረድፍ ሆኜ «እሰይ!» እንድል ተመደብኩ። ይህንንም ስንት ላይ እንደምለው ተጽፎ ተሰጠኝ።

አክስቴን እስከ መኪናዋ ሸኘኋት። ልንሰነባበት ስንል አሰልጣኟ እየሮጠች መጥታ ፖስታ ሰጠቻትና አቅፋ አመሰገነቻት። አክስቴ መሪውን ይዛ ከተቀመጠች በኋላ ፖስታውን ከፈተችው። የቡና ቤት የስጦታ ካርድ ነው፤ 25 ዶላር። ገልብጣ አየችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፣ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አየህ» አለችኝ፤ «እኔ በአንድ ሰዓት ተከፈለኝ።»