የስፒዲ ውለታ

እንግሊዞች ቋንቋችንን ንቀዋል የሚል ሰው ያጋንናል። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት ጭነው ሄደዋል፤ የሰነፉት ለማንበቡ ነው እንጂ ለመውሰዱስ ተግተዋል። “ካፒቴን ስፒዲ አማርኛ ያቀላጥፍ አልነበር?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ወደ መቅደላ ከዘመተው ከአሥር ሺህ የሚበልጥ የእንግሊዝ ጦር በአስተርጓሚነት ስሙ የሚነሳው እሱ ነው።

ዛሬ ቋንቋ የመማሩን ድካም እኛው ተሸክመንላቸዋል። በመካነ ሰላም የዩኒቨርሲቲ ግቢ በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ መምህርና ተማሪ ሻይ ቤት ሲጨዋወቱ ቆይተው፣ ክፍል ሲገቡ በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ይተዋወቃሉ። “ዓለም የሚግባባበት ቋንቋ ነው” ይባላል። ይሁን፣ እንማረው፤ ጠቃሚ ነው። ዳኝነቱ ግን ግራ ያጋባል፦ ፈረንጁ “አሜሰግናሎ” ሲል ይጨበጨብለታል፤ የመካነ ሰላም ልጅ አንዲት የእንግሊዝኛ ግስ ሲስት ማርክ ይቀነስበታል።