ሶፋው ለእንግዳ፣ በርጩማው ለባለቤት

የዘመኑን የቤት ፋሽን ማወቅ የፈለገ ሰው መጽሔት ማገላበጥ አያስፈልገውም፤ በጥር ወይም በሚያዝያ አምበር ላይ አስፋልት ዳር ይቁም። ከተማዋ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ስላለች የሠርግ ወራት ጭነት በፊቷ ያልፋል። አይሱዙው አናት ላይ እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በገመድ የተጠፈረ ሶፋ ይመጣል። "ማን ሊያገባ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ዋናው ጥያቄ "ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?" የሚለው ነው። ባለ አበባ ከሆነ ሙሽራው ያለፈበትን ገዛ ተብሎ ይታማል። ቡኒ ከሆነ "ምንም አይልም" ይባላል። አመድማ ከሆነ ግን፣ ዝም ብሎ አንገት መነቅነቅ ነው፤ ሰዎቹ ሠልጥነዋል።

የአመድማው ነገር በእናትና በሙሽሪት ልጅ መካከል ጨርቅ ቤት ውስጥ ክርክር ያስነሳል።

"እማዬ፣ ዘንድሮ ፋሽኑ ይኼ ነው። ግሬይ ይባላል።"

"ምን ግሬይ አመጣሽብኝ ልጄ? አመድ ነው እንጂ! እኔማ ይኼንን ስጠርግ ነው ያረጀሁት።"

ባለ ሱቁ ጣልቃ ይገባል። "እትዬ፣ የቱርክ ነው እኮ!" እትዬ ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ። የአገር ውስጡን አመድ በነፃ ሲጠርጉት የኖሩ እናት፣ ከቱርክ የመጣውን በሜትር ይከፍሉበታል።

ቱርክ ወደ ሳሎናችን የገባችበትን በር የምናውቀው ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ሲያናግር፣ ግማሹ ሰው የፍቅረኞቹን መጨረሻ ለማወቅ እንቅልፍ አጣ። ሌላው ግማሽ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። ልጅቷ ተክዳ ስታለቅስ፣ "ቆይ ቆይ፣ የተቀመጠችበትን አያችሁት?" የሚል አይጠፋም ነበር። አሁን ደግሞ ቲክቶክ አለ። የአረብ መጅሊሱ፣ ኤል ሼፑ፣ ጥግ የሚይዘው፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚሆነው፣ ሁሉም በስልክ ውስጥ ነው። ደንበኛ ሶፋ ሠሪው ጋ የሚሄደው ልኬት ይዞ ሳይሆን ፎቶ ይዞ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሳሎን ፈረስ ያስጋልባል፤ የደንበኛው ቤት ሦስት በአራት ነው። "ልክ ይኼን አስመስለህ ሥራልኝ!" ይባላል። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ "ሶፋውንስ እሠራዋለሁ፤ ቤቱን ማን ይሥራው?" ቢል አይፈረድበትም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጨርቅ የሚመረጥበት መንገድም የራሱ ትዝብት አለው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ቆሻሻ ይችላል?" ብሎ ነው። ቆሻሻ የሚችሉትን ሁሉ አውርዶ ካገላበጠ በኋላ ግን ክሬሙን አስቆርጦ ይወጣል። የምሥራቅ ጎጃም ዋልካ በሐምሌ ምን እንደሚሠራ ለማንም አይነገርም፤ ጫማን ከእግር ይነጥቃል። እንግዲህ ያንን ጭቃ ረግጦ የሚመጣ እንግዳ ነው ክሬም ሶፋና ነጭ ምንጣፍ የሚጠብቀው። ምስኪኑ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያወልቅና፣ የካልሲውን ቀዳዳ በሌላው እግሩ እየሸፈነ በግድግዳው ጥግ ጥግ ይገባል።

መጠየቅ ያለበት ግን አይጠየቅም። ከፋይ የሚመርጥ ሰው ጨርቁን በእጁ ወደ ላይና ወደ ታች ቢዳብሰው ጠጉሩ አንድ አቅጣጫ እንዳለው ያያል። ሠሪው ጨርቅ ለመቆጠብ አንዱን ወደ ቁመት፣ አንዱን ወደ ጎን ከቆረጠው፣ የአንድ ጥቅል ጨርቅ ሁለት ቀለም መስሎ ይታያል። ስፖንጁንም ተጭኖ ቶሎ መመለሱን የሚያይ ጥቂት ነው። ቀድሞ የሚረግበው ስፖንጁ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ሁሉ ላዩ ላይ ያልቃል።

በውጭ አገር የሶፋ ጨርቅ ማርቲንዴል በሚባል መሣሪያ ይፈተሻል። መሣሪያው ጨርቁን በሱፍ እያሸ ስንት ዙር እንደሚችል ይቆጥራል፤ ለመኖሪያ ቤት 20,000 ዙር ገደማ የቻለ ጥሩ ነው ይባላል። ይህ ፈተና እኛ ዘንድ ከንቱ ድካም ነው። የእኛን ሶፋ ማን ተቀምጦበት ነው የሚታሸው?

ሶፋው ቤት በገባ ዕለት የተጠቀለለበት ላስቲክ አይነሳም፤ "አቧራ ይገባዋል" ይባላል። በላስቲኩ ላይ የሶፋ ልብስ ይደረባል፤ ላስቲኩ እንዳይቀደድ መሆኑ ነው። በሶፋ ልብሱ ላይ ደግሞ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ይዘረጋል፤ ልብሱ እንዳይቆሽሽ። ልጆች ዳንቴሉን እንዳይነኩ እናት ትጠብቃለች። ስለዚህ ተመርጦ፣ ተከራክሮ፣ ከቱርክ መጥቶ፣ በሜትር ተከፍሎበት የተገዛው ጨርቅ ከሦስት ግድግዳ ጀርባ ነው። አባወራው ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጠው በርጩማው ላይ ነው፤ ልጆቹ ሰሌኑ ላይ። ሶፋው ላይ የሚቀመጠው እንግዳ ሲሆን፣ እሱም በተንቀሳቀሰ ቁጥር ላስቲኩ ከሥሩ ስለሚንጫጫ ቡናው ሦስተኛው እስኪደርስ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃል። ላስቲኩ ተቀዶ የሚወልቅበት ቀን ሲመጣ ደግሞ ፋሽኑ አልፏል፤ ሌላ ጨርቅ ፍለጋ ይወጣል።

መጋረጃውም ሌላ ታሪክ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አጼ ልብነ ድንግልን እንደ ደረሰ አላያቸውም። ለብዙ ቀን ቃል ሲመላለስ የሰነበተው በመጋረጃ ማዶ ነበር፤ ንጉሡ የታዩት በመጨረሻ መጋረጃው ሲገለጥ ነው። በቤተ ክርስቲያንም መንጦላዕቱ የሚሸፍነው አለው። የዛሬው ሳሎን መጋረጃ ግን ከኮርኒስ እስከ መሬት ወርዶ የሚሸፍነው አንዲት ክንድ የምታክል መስኮት ነው፤ አንዳንዴም መስኮት የሌለበትን ግድግዳ። ገልጦ ያየ እንግዳ ጭድ የበዛበት ጭቃ ያገኛል። ኮርኒሱን ቀና ብሎ ካየ ደግሞ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ነው፤ ከከፋዩ ሶፋ በላይ "ዩሪያ" የሚል ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ይነበባል። እኔ በበኩሌ ከቤቱ ሁሉ እውነተኛው ጌጥ እሱ ይመስለኛል፤ ሶፋው የተገዛበት ጤፍ የበቀለው በዚያ ከረጢት ነውና።

ከሁሉ የሚገርመኝ የቆዳው ነገር ነው። አባቶቻችን ጀንዲ አንጥፈው ተኝተዋል፤ እንግዳ ሲመጣ መደቡ ላይ አጎዛ ጣል ይደረግለት ነበር። ልጆች ሲማሩ አጎዛው "ያፍናል፣ የድህነት ነው" ተብሎ ወደ ጓዳ ተጣለ። በምትኩ ሌዘር የሚሉት ሶፋ ተገዛ፤ ቆዳ መስሎ የተሠራ ላስቲክ ነው። በፀሐይ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንች ልጣጭ ሲላጥ በላዩ ላይ የሶፋ ልብስ ተደረበበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ኢኬያ የሚባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ነጋዴ የበግ አጎዛ ለሶፋ መጣያ ይሸጣል። የውጭው ፎቶ በስልክ አምበር ሲደርስ ሙሽሪት ታየውና፣ "እማዬ፣ እንዲህ ያለ ከየት ይገኛል?" ትላለች። እማዬ ጓዳውን በአገጫቸው ያሳያሉ፤ አይጥ ካልጨረሰው።

አምሮ መኖርን የሚነቅፍ የለም። ቤትን ማሳመር የድሮም ወግ ነው፤ መደቡን የለቀለቀችው፣ ትራሱን በጥልፍ ያስጌጠችው፣ ለበዓል ቄጤማ የጎዘጎዘችው ሴት ዲኮሬተር የሚለውን ስም አልሰማችም እንጂ ሥራውን ታውቅ ነበር። ልዩነቱ እሷ ያሳመረችውን ተቀምጠውበት፣ በልተውበት፣ ተኝተውበት ማደራቸው ነው። እኛ ግን ቤታችንን ለጎረቤት ዓይን አከራይተን በበርጩማ እንኖራለን፤ ኪራዩንም የምንከፍለው እኛው ነን።

አዲስ ቤት የገባ ሰው ጋ ሲኬድ እስከ ዛሬ "ቤት ለእንቦሳ!" ይባላል፤ ባለቤቱም በኩራት "እንቦሳ እሰሩ!" ይላል። ምርቃቱ ያልሞተ ደግ ምርቃት ነው። እንደ ቃሉ ይሁንና እንቦሳው መጥቶ የሚታሰር ከሆነ ግን፣ ባለቤቶቹ ዛሬውኑ ቢመካከሩ ይሻላል፤ ላስቲኩ ለሶፋው ተደርጓል፣ ለነጩ ምንጣፍ ምን ሊያደርጉለት ነው?