ቅዳሜና እሑድ የሌለን ተማሪዎች

ዐርብ ከሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ መናኸሪያ ጎራ ያለ ሰው ያውቀናል። የሒሳብ ሠራተኛው፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዩ፣ የኅብረት ሥራ ባለሙያው፣ አለቃውን ለምኖ ቀድሞ የወጣው ሁሉ በሶውን ቋጥሮ መኪና ይጠብቃል። ሁላችንም ራቅ ባለ ከተማ ካለ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤ እየተማርን ነው። መርሐ ግብሩ «የቅዳሜና እሑድ» ይባላል። ለከተማ ሰው እውነት ነው፤ ለእኛ ግን ከዐርብ ቀትር እስከ ሰኞ ንጋት ነው።

በሞላሌና በመዘዞ አልፈን ጣርማበር ላይ የደሴን አውራ ጎዳና እስክንይዝ ድረስ ወገብ አይቀርልንም። ጉሙ ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳሰሰ ይነዳል። የመርሐቤቴ ልጆች ደግሞ ከዓለም ከተማ ተነሥተው የጀማን ሸለቆ ወርደው ይወጣሉ። ራቤል ላለ የግሼ ሰው መሐል ሜዳ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ገብቶ መንገድ ሲዘጋና የሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ በቴሌግራም የሚላክ አሳይንመንት ሳናይ ቀኑ ያልፍብናል። ከክፍል የቀረ ሰው ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ቀሪ ነው።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ አባት ዐረፉ። ቀብሩ ቅዳሜ ነበር፤ እኔ ፈተና ላይ ነበርኩ። እድሩ መቀጫውን ተቀብሎ ዝም አለ፤ የሟቹ ልጅ ግን እስካሁን ቀና ብሎ አያየኝም። ይህን የትኛው የክፍያ ደረሰኝ ላይ እንጻፈው?

ክፍያውም ቢሆን፣ የትራንስፖርቱና የአልጋው ሲጨመርበት፣ ከደመወዝ የሚተርፍ ነገር አያስቀርም። ደመወዝ የሚከፈለው ለሥራ መደቡ ስለሆነ፣ መደቡ ካልተለወጠ የዲግሪው ወረቀት ብቻውን ብር አይጨምርም።

ይህን ሁሉ ችለን ክፍል ስንገባ የምንማረው ምንድን ነው? ስለ ቶዮታ አመራረት፣ ስለ ዎልማርት የዕቃ ክምችት። ማወቁ አይጎዳም። ግን እኛ ዘንድ የመንዝ በግ የሚሸጠው በዐይንና በእጅ ተገምቶ ነው። ያ በግ ለፋሲካ አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚነካው፣ ማን ስንት እንደሚያተርፍ፣ አርቢው ለምን የበዓሉን ሳምንት ጠብቆ መሸጥ እንደማይችል የሚጠይቅ አንድ ኮርስ አላየሁም። እናቶቻችን ሱፍ ፈትለው አባቶቻችን ባና ሲሠሩ ኖረዋል፤ የባናን ወጪና ዋጋ አስልቶ ያሳየን መምህር የለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጓሳ የተባለው የመንዝ የጋራ የሣር መሬት ነው። የመንዝ አባቶች በአስቦና በጌራ ወገን የየራሳቸውን አባ ቄራ የሚባል አለቃ መርጠው፣ ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በተወሰነለት ቀን ከፍተው አብረው ያጭዱ ነበር። የጣሰ ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱን የ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ እስኪያፈርሰው ድረስ ብዙ ትውልድ ተዳድሮበታል። በ2009 እ.ኤ.አ. ኤሊኖር ኦስትሮም የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ሰዎች የጋራ ሀብታቸውን ራሳቸው ተስማምተው ማስተዳደር እንደሚችሉ በማሳየቷ ነው። ሥራ አመራር ስንማር ይህ ርእስ መጣ፤ ጓሳ ግን በአፍ እንኳ አልተነሣም። ክፍሉ ውስጥ ግማሾቻችን በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ያደግን ነን።

መመረቂያ ጽሑፉም ያው ነው። «የአመራር ዘይቤ በሠራተኛ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይባልና የባንኩ ስም ብቻ ይለዋወጣል። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ሠራተኛው ሥራ በዝቶበት ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ድረስ ሳያነብ ምልክት ያደርጋል፤ ያ ቁጥር ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ግኝት ይሆናል። አማካሪውን ለማግኘት ደግሞ ሦስት ቅዳሜ ደጅ መጥናት አለ።

ለመምህራን የክረምት ትምህርት አለ፤ ስለዚህ ሌላ መንገድ መኖሩ የታወቀ ነው። ሃምሳ ተማሪ በየሳምንቱ ከሚንገላታ አንድ መምህር በወር አንድ ሳምንት መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ መጥቶ ያስተምረን። ስለ በጉ፣ ስለ ባናው፣ ስለ ጓሳው እንጻፍ፤ መጠይቁም በአማርኛ ይሁን። የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ሆይ፣ ከመጪው ምዝገባ በፊት ይህን ወስኑልን።