ውዳሴ ለልዑካነ መንግሥት

የድሀ አገር አምባሳደር በባዕድ ምድር ግብዣ ከማዘውተር በቀር ተግባር የለውም እያሉ የሚያሙ ሰዎች አሉ፤ ሐሜቱ ከቅናት የመነጨ ለመሆኑ ግን ከጋምቤላ ከተማ በስተ ደቡብ ከምትገኘው ከአቦቦ የሚበልጥ ምስክር አይገኝም። ስሟን ብዙው የአዲስ አበባ ሰው እንኳ የማያውቃት ይህች ወረዳ ለጂዳና ለዴልሂ ባለጸጎች የተገለጠችው በማን ስብከት ነው? የመሬት ኪራይ ውሉ ፊርማ የግብርና ሚኒስቴር ነው ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ስብከት ሳይቀድም ጥምቀት የለም።

የስብከቱ ሥርዓት እንዲህ ነው፦ ዶሮ ወጡ በቡፌው ላይ ተደርድሮ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰንደቅ ዓላማ በየሳምቡሳው ላይ ተተክላ፣ ክቡር አምባሳደሩ የሚያብለጨልጨውን መጽሔት ለእንግዶቻቸው ያድላሉ፤ በመጽሔቱም «ሰፊ፣ ለም፣ ያልተነካ መሬት» ተጽፏል። በቆሎና ማሽላ የሚዘራው፣ ከአልዌሮ ወንዝ ዓሣ የሚያወጣው የአገሩ ሰው አኙዋክ በፎቶግራፉ ውስጥ የለም፤ መሬቱን ነክቶት እንዳይገኝ ይሆናል።

የጥንቶቹ እንግሊዞችማ ምንኛ ዓይን አፋሮች ነበሩ! በዓለም ላይ የሰፋ ግዛት ይዘው ሳሉ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለማግኘት በ1894 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል መዋዋል ነበረባቸው። በእኛ ዘመን ግን አንድ የህንድ ኩባንያ በ2003 ዓ.ም. በዚያው በባሮ ወገን 100,000 ሄክታር፣ ሄክታሩን በዓመት በ20 ብር፣ ማለት በአምባሳደሩ ግብዣ ከሚቀርበው ከአንድ ብርጭቆ ወይን ዋጋ በታች፣ ለ50 ዓመት ተከራየ፤ የኩባንያው ሥራ መሪም መሬቱን አስቀድመው ሳያዩ እንደወሰዱት ለእንግሊዝ ጋዜጣ በግልጽ ተናገረ። ሐዋርያው ቶማስ ያጣውን እምነት የህንድ ነጋዴ አገኘው! ባሮ ብቻ መጽሔቱን አላነበበም ነበርና እንደ ልማዱ ሞልቶ የኩባንያውን በቆሎ ጠርጎ ወሰደው፤ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። አቦቦም የራሷ ድርሻ አልቀረባትም፤ በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ ውሃ ሳውዲ ስታር ለተባለ ኩባንያ 10,000 ሄክታር የሩዝ እርሻ ታጨ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከ60 ከሚበልጡት ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ቢያንስ 30ዎቹ መዘጋት እንዳለባቸው ለምክር ቤቱ በተናገሩ ጊዜ ልቤ አዘነ። ስለዚህ በትሕትና የማቀርበው ሐሳብ አለ፤ ከሚዘጉት አንዱ ወደ አቦቦ ይዛወር። ውሎ አበሉ በብር ይሁን፣ አጎበር አይጓደል፣ አምባሳደሩም የሹመት ደብዳቤያቸውን በማንጎ ጥላ ሥር ለአኙዋክ መንደር አለቃ፣ ለኳሮው፣ ያቅርቡ። ኳሮውም ደብዳቤውን ከተቀበሉ በኋላ፣ «ይህን መሬት ለፈረንጁ ስታሳዩ እኛን የት አስቀመጣችሁን?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል፤ ክቡርነታቸውም እንደ ዲፕሎማሲ ወግ፣ ጥያቄው ለሚመለከተው አካል እንደሚተላለፍ በፈገግታ ይገልጻሉ።