ማስጀመር የማይታክተን

በእኛ ትምህርት ቤቶች የጤናና የስፖርት ፕሮግራም አይዘልቅም እያሉ የሚያሙ ሰዎች ስምጥ ሸለቆ ያለችውን አዳሚ ቱሉን አላዩም። እዚህ ፕሮግራሙ በየዓመቱ ይጀመራል። ከዚህ ወዲያ ምን ዘላቂነት አለ?

ዓለም እጅ ለመታጠብ ቀን ከቆረጠ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጥቅምት 5 ሲደርስ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን በእንጨት ቋሚ ላይ ይወጣል። የክብር እንግዳው ይታጠባሉ። ፎቶ አንሺው ስላመለጠው ይደግሙታል፤ እንግዲህ በግቢው ሁለቴ የታጠበ ሰው እሳቸው ናቸው። ጥቅምት 6 ጀሪካኑ እንዳይሰረቅ ስቶር ይገባል። ሳሙናውም አብሮ። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት እንዴት በልጅ እጅ ይሟሟ?

ኳሷም ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎባት በሙሉ ጤንነት ላይ ትገኛለች። የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲቃረብ ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል። በማስጀመሪያው ንግግር ላይ ግን በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ሳትጠራ አትቀርም፤ አርሲ ከሐይቃችን ማዶ ስለሆነ የጉርብትና ድርሻችንን መውሰዳችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ያዛል። ደግነቱ ልጆቹ ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ያሟሉታል፤ ያለ ባነር፣ ያለ አበል።

የጥርስ ቡሩሽ የሚታደልበት ቀንማ ልዩ ነው። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ያለውን ብዙ ጉድጓዶች በእጥፍ ይሻገሩታል። ፍሎራይዱ የልጁን ጥርስ የሚያበልዘው ከድድ ሳይወጣ፣ ገና ውስጥ ሲሠራ ነው። እኛ ግን በዚያው ውሃ «ጠዋትና ማታ ቦርሹ» እንላለን። ውሃ ማጣራት በጀት ይፈልጋል፤ ልጁን «ጥርስህን አትፍቅም» ብሎ መውቀስ በነፃ ነው።

ክትትል የለም እንዳትሉ። ቡድን በመኪና መጥቶ «የጤና ክበቡ አለ?» ይላል። አለ፤ ግድግዳው ላይ የሊቀመንበሩ ስም ተጽፏል። ሊቀመንበሩ ትምህርቱን ጨርሶ ባቱ ከተማ ባጃጅ ይነዳል እንጂ ሥልጣኑን አላስረከበም። ምልክት ይደረጋል፣ ይፈረማል፣ ወደ ምሳ ይኬዳል።

ዘንድሮም አዲስ አጋር ተገኝቷል። ስቶሩ ውስጥ ስንት ጀሪካን እንዳለ አልጠየቀም። የጠየቀው ሎጎው ባነሩ ላይ በየት በኩል እንደሚሆን ነው። በቀኝ ተብሏል።