ማን አስገደደህ?

አባ በሩን ዘጉና ወረቀታቸውን አስተካክለው፣ “ይህችን ልጅ የምታገባት ማንም ሳያስገድድህ፣ በራስህ ፈቃድ ነው?” ብለው ጠየቁኝ። እጮኛዬ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። አንዱ ሌላውን ፈርቶ እንዳይመልስ የሚጠየቀው ለየብቻ ነው። “በፈቃዴ ነው አባ” አልኩ። ስለ እሷ ከሆነ እውነቴን ነው። ስለ ቀረው ግን ማን በጠየቀኝ!

አዳራሹን የመረጡት አጎቴ ናቸው። ስድስት ሚዜ ይበቃኛል ብል “እገሌ ቅር ይለዋል” እየተባለ አሥር ሞሉ። ከረባታቸው የማን ምርጫ እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ቪዲዮ አንሺው ድሮን ካልበረረ ሠርግ አይባልም ባይ ነው።

ወረቀቱስ? በካቶሊክ ሥርዓት ተክሊል የፈጸመ ሁሉ ይህችን የጥምቀት ወረቀት ያውቃታል። እኔ በልጅነቴ የተሰጠችኝ አለችኝ፣ በፕላስቲክ ታሽጋ። አትሆንም አሉኝ፤ ከተጠመቅኩበት ቁምስና አዲስ መጻፍ አለበት። ምክንያቱ ሲነገረኝ ለመናደድ እንኳ አልተመቸኝም። ሰው ተክሊል ሲፈጽም በጥምቀት መዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን ይጻፍበታል፤ ሌላ ሚስት ካለችኝ መዝገቡ ያጋልጠኛል ማለት ነው። ጥሩ። ግን መዝገቡ ያለው እምድብር በኩል፣ እኔ ያለሁት አዲስ አበባ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ወልቂጤን አልፌ ስደርስ ቆሞሱ ሌላ መንደር ሊቀድሱ ሄደዋል፤ ቁልፉም አብሯቸው ሄዷል። አክስቴ በክትፎ ባይክሱኝ ኖሮ ያን ሌሊት እንዴት እንደማድር እንጃ።

የእጮኛዬ ጣጣ ደግሞ ለብቻው ነው። ኦርቶዶክስ ናት። ጥምቀቷን ቤተክርስቲያናችን ትቀበላለች፤ ችግሩ ወረቀቷ ላይ ያለችው ወለተ ማርያም መታወቂያዋ ላይ ካለችው ሴት ጋር አትተዋወቅም። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት የክርስትና እናቷ ምስክር ሆነው መጡ። ከዚያ የጳጳስ ፈቃድ አለ። እኔም ልጆቼን በካቶሊክ እምነት ለማስጠመቅና ለማሳደግ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ፤ ለእሷም ይኸው ተነገራት። አማቴ ይህን ሲሰሙ “ገና ሳይወለዱ ተፈረመባቸው!” አሉ። መፍትሔም አላጡ፤ ጠዋት በእኛ፣ ከሰዓት በእናንተ። ይህ ደግሞ አይቻልም። ጋብቻው አንድ ነውና ቃል የሚሰጠውም አንዴ፣ በአንድ ቦታ ነው ይላል ሕጋችን። በእነሱም ወገን ቢሆን እኔ ወደ ሃይማኖታቸው ካልገባሁ አይሆንም።

አክስቶቿ አሁንም “ካቶሊክ ተክሊል አለው እንዴ? ይጾማልስ?” ይላሉ። በግዕዝ እንደምንቀድስ፣ ከበሮና ጸናጽል እንዳለን ብነግራቸው በጨዋነት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ እንጂ አያምኑኝም። የጥር አዳራሽ ሲያልቅብን ሠርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ ማዶ የተገፋው እኮ በዐቢይ ጾም፣ በ55ቱ ቀን፣ ለእኛም ተክሊል ስለሌለ ነው!

የጋብቻ ትምህርቱን ያላማረረ የለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያ ሁሉ የታክሲ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ ሩጫ። ክፍሉ ውስጥ ግማሻችን ስልካችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን ከዲኮር ሠራተኛ ጋር እንጻጻፋለን። አንድ ቀን ግን ሊያስተምሩን የመጡ ጎልማሳ ባልና ሚስት፣ “ደመወዛችሁን ትተዋወቃላችሁ? ዕዳችሁንስ?” ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የኬኩን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የምናውቅ ሰዎች! እሷ የወንድሟን የኮሌጅ ክፍያ ስትከፍል ኖራለች፤ እኔ ደግሞ በልቼ፣ ከፍዬ ያልጨረስኩት ዕቁብ አለብኝ። እስከ መገናኛ ድረስ ታክሲ ውስጥ ተጨቃጨቅን። በዚህ ዓመት ስለ አበባና ስለ ወንበር ልብስ ያልሆነ ጭቅጭቅ ያ ብቻ ነው፤ እንዲያውም ደስ አለኝ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወረዳ ይቀራል። በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሃይማኖታዊ ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ ማስመዝገቡ ግን አይቀርም። ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ጉርድ ፎቶ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስማችን ለሁለተኛ ጊዜ ተነበበ፤ ይህን ጋብቻ የሚከለክል ምክንያት የሚያውቅ ካለ ለቁምስናው ያስታውቅ ተባለ። የመጨረሻው ንባብ የፊታችን እሑድ ነው። ወገኖቼ፣ ጋብቻውን ተዉልኝ፤ ድሮኑን የሚከለክል ምክንያት የምታውቁ ካላችሁ ግን እባካችሁ ለአባ ንገሩልኝ።