ጋጋዜት ላይ ያዳነኝ ጋሻ

ተራ በተራ የሚዋጉበት ጌም የሚወድ ሰው ሲያገኘኝ ቀድሞ የሚጠይቀኝ «ከሁሉም የሚበልጠው ትጥቅ የቱ ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ፤ መልሱ ግን አጭር ሆኖልኝ አያውቅም። «ከማን ጋር ልትገጥምበት?» ብዬ መልሼ ስጠይቀው የሸሸሁት ይመስለዋል። አልሸሸሁም። ይህን መልስ ያገኘሁት ብዙ ሒሳብ ከፍዬ፣ ብዙ ማታ አምሽቼ፣ የደከምኩበት ሁሉ አንድ ጊዜ ከሜሞሪ ካርድ ላይ ተጠርጎብኝ ስለሆነ ከነታሪኩ ካልተነገረ አይገባም።

ነገሩ የሆነው ሰፈራችን በነበረው ጌም ቤት ነው። ፋይናል ፋንታሲ 10ን ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው በሐምሌ 1993 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ 2001 ነበር። እኛ ሰፈር የደረሰው ግን ከዓመታት በኋላ፣ ከኳስ ዲስኮች መሀል ተቀላቅሎ ነው። ጌም ቤቱ የሚያስከፍለው በጨዋታ ነበር፤ አንድ ግጥሚያ ያልቃል፣ የተሸነፈው ይከፍላል፣ ተረኛው ይገባል። ይህ ጌም ደግሞ ግጥሚያ የለውም፤ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአሥሮች የሚቆጠር ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ ነው። ስለዚህ ከሚያስከፍለው ልጅ ጋር በሰዓት ተስማማን፤ ያውም ኳስ ተጫዋች በማይበዛበት ሰዓት ብቻ። ጆይስቲኩን ይዤ፣ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ዝም ስል ከኋላዬ ያሉት ልጆች «ምነው ቆመ? ተበላሸ እንዴ?» ይሉ ነበር።

አልተበላሸም። እኔ ጌሙን የወደድኩት በዚሁ ነው። ተራህ ሲደርስ ያ ሁሉ ውጊያ ቆሞ ይጠብቅሃል። በስክሪኑ ቀኝ በኩል ከላይ ወደ ታች የተደረደረ የተራ ዝርዝር አለ፤ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚመታ ይናገራል። አንድ ትእዛዝ ላይ ስትቆም፣ ገና ሳትወስን፣ ዝርዝሩ ይለዋወጣል። ዕቃ መጠቀም ከሰይፍ ምት ያነሰ ጊዜ ስለሚወስድ ቀጣዩ ተራህ ቶሎ ይመጣል። ጠላትን ወደ ኋላ የሚገፋ ምት ከመረጥክ የጠላት ምስል ዓይንህ እያየ ወደ ታች ይወርዳል። ቅልጥፍናው ከፍ ያለ ካራክተር ደግሞ ሌላው አንዴ ሲመታ እሱ ሁለቴ ይደርሰዋል። ይህን ዝርዝር ማንበብ የለመደ ሰው «ጉልበት» የሚባለው ነገር በሰይፍ ብቻ እንደማይለካ ቶሎ ይገባዋል።

ካራክተሮቹ ሰባት ናቸው፤ ቲደስ፣ ዩና፣ ዋካ፣ ሉሉ፣ ኪማሪ፣ ኦሮንና ሪኩ። ወደ ውጊያ የሚገቡት ሦስት ሦስት ሆነው ነው፤ ተራው የደረሰውን ግን በማንኛውም ሰዓት ከተቀመጡት በአንዱ መቀየር ይቻላል። የሚያድጉትም ስፊር ግሪድ በሚባል መረብ ላይ ነው። ከውጊያ ያገኙት ልምድ እርምጃ ይሆናቸውና ከነጥብ ወደ ነጥብ ይራመዳሉ፤ ጉልበት፣ መከላከያ፣ ቅልጥፍና፣ አስማት፣ አዲስ ችሎታ እያበሩ ያልፋሉ። ኦሮን በጉልበቱ መንገድ፣ ሉሉ በጥቁር አስማት፣ ዩና በፈውስ ይጀምራሉ። የኪማሪ ግን የራሱ የሚባለው መንገድ አጭር ነው። ቶሎ ያልቅና መሀል መንገድ ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ ቁልፍ ስፊር እየተጠቀመ የሌላውን መንገድ ይከተላል። ሰው ሁሉ ኪማሪን ረስቶ የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው።

እኔም መጀመሪያ የሄድኩት ሁሉም በሚሄድበት ነበር፤ ኦሮንና ቲደስ ይምቱ፣ ዩና ታድን። ማካላኒያ የሚባለው ጫካ እስክደርስ ተመችቶኝ ሄደ። አንድ ቀን ግን ስመጣ ፋይሌ የለም። የፕሌይስቴሽን 2 ሜሞሪ ካርድ 8 ሜጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ ጌም ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንድ ካርድ ለሁሉም ነበር። የኳስ ሊግ የጀመሩ ልጆች ቦታ ጠቧቸው፣ የማያውቁትን ፋይል አጥፍተው የራሳቸውን ሴቭ አድርገዋል። ማን እንዳደረገው ያመነ አልተገኘም። የሚያስከፍለው ልጅ አፍሮ የዚያን ቀን ሒሳብ አልተቀበለኝም። እኔም ዲስኩን መልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ሁለተኛው ጉዞ ግን ሌላ ሆነ። መንገዱን ስለማውቀው የምሰበስበውን መምረጥ ቻልኩ። ኪማሪን በሪኩ መንገድ አስገባሁት፤ መስረቅ ተማረ፣ ቅልጥፍናውም ከፍ አለ። ስለ መሣሪያና ጋሻም ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። በዚህ ጌም አንድ መሣሪያ ወይም አንድ ጋሻ ቢበዛ አራት ቦታ አለው። ባዶ ቦታ ካለ ሪኩ ከመጣች በኋላ ዕቃ እየከፈልክ አንድ ጥቅም ትጨምርበታለህ፤ ከመርዝ መከላከያ፣ ከድንጋይ መሆን መከላከያ፣ ሌላም። አንዴ የገባ ግን አይወጣም። አራቱ ቦታ ከሞላ ሞላ ነው፤ የተሻለ ስታገኝ ያለህ ምርጫ ሌላ ጋሻ መፈለግ ነው። ከዚህ ሕግ የተነሳ እያንዳንዷ ባዶ ቦታ ዋጋ አላት፤ የጌሙ ሁሉ ጣዕም ያለውም እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ እያልኩ ጋጋዜት ተራራ ደረስኩ። በረዶ የለበሰ፣ የኪማሪ ወገኖች የሮንሶዎች ቅዱስ ተራራ ነው። መግቢያው ላይ ቢራንና የንኬ የሚባሉ ሁለት ሮንሶዎች ኪማሪን ብቻውን ይገጥሙታል። እዚህ ላይ የጌሙ ሠሪዎች ያደረጉት ነገር ይገርማል፤ የሁለቱ ጉልበት ከኪማሪ ጉልበት ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ይላል። ኪማሪን ብታበረታው እነሱም ይበረታሉ። ስለዚህ ቁጥር መቆለል ብቻውን አያሳልፍህም፤ ያለህን በምን ሰዓት እንደምትጠቀምበት ማወቅ አለብህ።

ከእነሱ በኋላ፣ ተራራው ላይ ከፍ ብሎ፣ ሲሞር ይጠብቃል። ሞቶም የማይለቅ ጠላት ነው። ሕይወቱ 70,000 ነው፤ ያኔ የእኔ ሰዎች በአንድ ምት የሚያወርዱት ሁለት ሦስት ሺህ ቢሆን ነው። ሲሞር ጦሩን በአንዱ ላይ ይሰነዝርና ዞምቢ ያደርገዋል። ዞምቢ የሆነ ሰው ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጥበታል፤ ፈውስ ያቆስለዋል፣ ነፍስ የሚመልስ አስማት ይገድለዋል። ከዚያ ሲሞርን የተሸከመው ግዙፍ ፍጡር ተራው ሲደርስ ለዚያው ሰው ነፍስ የሚመልስ አስማት ይልክለታል። በብርሃን ተከብቦ ይሞታል። መጀመሪያ ሳየው ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ፣ ይህን ጌም አንድም ቀን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ነው ቀድሞ የነቃው።

«መድኃኒቱ እኮ ነው የገደለው» አለ።

«እንዴት?»

«እየው፣ እሱ መታው፣ ያኛው አዳነው፣ ሞተ። ሳያድነው አንተ ቅደመው።»

ትክክል ነበር። ሆሊ ዋተር የሚባለው ዕቃ፣ እኛ ጌም ቤት ውስጥ ጸበል ያልነው፣ ዞምቢነትን ያነሳል። ጥያቄው በጦሩና በአስማቱ መካከል ተራ ይደርስሃል ወይ ነው፤ መልሱ እዚያው የተራ ዝርዝሩ ላይ ተጽፏል። ኪማሪን በሪኩ መንገድ ማሳደጌ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ቅልጥፍናው ስላለ ይደርስ ነበር። በዚያ ላይ ሱቅ ከሚሸጠው ጸበል 30 ገዝቼ በአንድ ጋሻ ባዶ ቦታ ላይ ዞምቢነትን በግማሽ ዕድል የሚመልስ መከላከያ አስገባሁ። ሉሉ መርዝ ያለበትን አስማቷን ወረወረች፤ ሲሞር መርዝ ይይዘዋል፣ ያም መርዝ ተራው በደረሰ ቁጥር ከሕይወቱ ይቀንስበታል። ያ ግዙፍ ፍጡር ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋውን ጥቃት ሲያዘጋጅ ደግሞ ዩና ኢዮን የሚባለውን አጋዥ ፍጡር ትጠራለች። ኢዮኑ በሦስቱ ፈንታ ቆሞ ይቀበለዋል። ሲሞር ኢዮንን ከአንድ ተራ በላይ ስለማያቆይ ሰዓቱን መጠበቅ ግድ ነው።

ሁሉም ተሰናድቶ፣ ውጊያው እየቀናኝ፣ ሲሞር ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ። ጌም ቤቱ ጨለመ፤ የኳሶቹም ልጆች፣ እኔም እኩል ጮኽን። ሴቭ የሚደረግበት ቦታ ከውጊያው በፊት አለ፤ ከእሱ ቀጥሎ ግን ረጅም ንግግር ያለበት ትዕይንት ይመጣል። በዚያ በመጀመሪያው የጌሙ እትም ትዕይንትን ማለፍ አይቻልም። መብራት ሲመጣ ያን ንግግር ሁሉ እንደገና ከፍዬ ሰማሁ። ልጆቹ ግን ያን ቀን ኳሳቸውን ትተው አብረውኝ ቆሙ። አንዱ ዝርዝሩን ያነባል፣ አንዱ «አሁን ጸበል!» ይላል፣ አንዱ ኢዮኑ የሚጠራበትን ሰዓት ይጠብቃል። ሲሞር ሲወድቅ ጌም ቤቱ በጎል ጊዜ እንደሚጮኸው ጮኸ። ጋሻው ነበር ያዳነን፤ ያንን ጋሻ የመጨረሻው ትጥቄ አድርጌ ወሰድኩት። ለሌሎቹም ጸበል እየገዛሁ አበዛሁት።

ከጋጋዜት ወዲያ ዛናርካንድ ነው፤ የፈረሰች ከተማ። እዚያ ዩናሌስካ አለች። ሦስት መልክ አላት፤ የመጀመሪያዋ ሕይወት 24,000፣ የሁለተኛዋ 48,000፣ የሦስተኛዋ 60,000። በመጀመሪያው መልኳ ሰይፍ ያነሳባትን ታሳውራለች፣ አስማት የሞከረባትን አፉን ትዘጋለች። በሁለተኛው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዞምቢ ታደርጋለች። እኛ ተዘጋጅተን ነበር። ጋሻው አንዳንዱን መለሰ፣ ያልመለሰውን ኪማሪ በጸበል አነጻ፣ ሁሉም ጤነኛ ሆኖ ወደ ሦስተኛው መልኳ ደረስን። ከዚያ አንድ አስማት ወረወረች፤ ሦስቱም ወደቁ።

ያ አስማት ዞምቢ ያልሆነውን ሁሉ ይገድላል። ዞምቢ የሆነውን አይነካውም፤ የሞተን መልሶ አይገድልምና። ጋጋዜት ላይ ነፍሳችንን ያተረፈው መከላከያ፣ ያ ሁሉ ጸበል የወጣበት፣ እዚህ የሞታችን ምክንያት ሆነ። ደጋ ላይ ነፍስ የሚያተርፍ ጋቢ ቆላ ሲወርዱበት ሸክም ነው፤ ጋቢው ግን አልተለወጠም፣ የተለወጠው አገሩ ነው።

ካስቀመጥነው ሴቭ እንደገና ስንጀምር መውጫው ግልጽ ነበር። በውጊያ መሀል ጋሻ መቀየር ይቻላል፤ አንድ ተራ ይወስዳል እንጂ። የድሮውን፣ ምንም መከላከያ የሌለውን ጋሻ አወጣሁና ለሁለቱ አለበስኩ። ዞምቢ ሲሆኑ አላነጻኋቸውም፤ ቁስላቸውንም በፈውስ ከመንካት ተቆጠብኩ። አስማቱ ሲመጣ ቆመው ቀሩ። ሦስተኛውን በነፍስ መመለሻ አስነሳነው፣ በዚያው ጨረስናት። በሰዓት የሚያስከፍለው ልጅ «ለካ በጨዋታው ያን ሁሉ ጊዜ የምታስበው ይሄን ነው» አለኝ። አዎ፣ ይሄንን ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ይህንኑ አጸናልኝ። የጌሙ መጨረሻ አካባቢ የእያንዳንዱ ካራክተር ልዩ መሣሪያ ይገኛል። የሉሉን መሣሪያ ሙሉ ኃይል ለማውጣት በነጎድጓድ ሜዳ ላይ 200 መብረቅ በተከታታይ ማምለጥ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከመታህ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። መብራት በሚጠፋበት፣ ተራ ጠባቂ ትከሻህን በሚነካበት ቤት ይህን መሞከር ልብ ይጠይቃል። ልዩዎቹ መሣሪያዎች ከነሙሉ ኃይላቸው የ9,999ን ገደብ ያነሳሉ፤ አንድ ምት እስከ 99,999 ይደርሳል። ሪባን የሚባለው መከላከያ አብዛኛውን ደዌ ብቻውን ይመልሳል፤ ለባሹን በራሱ የሚያፋጥን ጋሻ አለ፣ የወደቀን በራሱ የሚያነሳ አለ። ሁሉም ግሩም ናቸው። የጋሻው ቦታ ግን ያው አራት ነው። ሪባንን ያስገባህበት ቦታ ላይ ሌላው አይገባም።

ስለዚህ ለሚጀምር ሰው የምለው ይህንን ነው። ካራክተርህን ከማሳደግህ በፊት የሚገጥምህ ምን ዓይነት ምት እንደሆነ ጠይቅ። ከሦስቱ አንዱን ለጉልበት፣ አንዱን ለፈውስ ስታደርግ፣ ሦስተኛውን ለፍጥነት ተወው፤ ፈጣን ሰው ያለበት ቡድን የማሰቢያ ጊዜ አለው። አዲስ ጋሻ ስታገኝ አራቱንም ቦታ በአንድ ማታ አትሙላ፤ ቢያንስ አንዷን ገና ለማታውቀው ጠላት ጠብቅለት። አሮጌውን ጋሻም አትሽጥ። የሚሸጥበት ዋጋ ትንሽ ነው፤ ዛናርካንድ ላይ ግን የሚተካው የለም።